ሽቶ የሚባለው ሾፌር

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ሽቶ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት የጋራዡ መካኒክ ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ከመኪናው ሲወርድ አየውና፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ዓይነት ሽቶ ነው የተርከፈከፈው!» ብሎ ግቢውን በሳቅ አናጋው። ከዚያን ቀን ወዲህ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። እሱም አልተቀየመም፤ ከዚህ የባሰ ስም ሊወጣለት ይችል እንደነበር ያውቃል።

ሽቶ የከተማው ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ የሚነዳው የፍሳሽ መኪና ነው። የሰው መጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ ይደወላል፤ ሽቶ ታንከሩን እያስጓራ ይመጣል፣ ወፍራሙን ቱቦ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምራል፣ ፓምፑን ያስነሳል፣ ጉድጓዱ ተመጥጦ ሲያልቅ ክዳኑን ገጥሞ ይሄዳል። ሲመጣ እንደ ሐኪም በጉጉት ይጠበቃል። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ግን ገና መኪናው ከደጃፉ ሳይርቅ በሩ ድርግም ይልበታል።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይሄ ሁሉ ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። ከሥራ ሲመለስ በጓሮ በኩል ይገባል፤ የሥራ ልብሱን እዚያው አውልቆ በባልዲ ውሃና በልብስ ሳሙና ይታጠባል፤ በላዩ ሎሚ ይታሻል። እሷ ፎጣ ይዛ ቆማ፣ «ምን ይህን ያህል ትፈተጋለህ? የእኔ አፍንጫ እንደሆነ ከደነቆረ ቆየ» እያለች ታስቀዋለች። ታመመችና ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ከዚያ በኋላ ፎጣውን ራሱ ገመድ ላይ ይሰቅላል፣ ራሱ ያወርዳል። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰፋበት። አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው መስኮት እንደሚከፍት፣ በዕረፍት ቀኑ ታጥቦና ልብሱን ተኩሶ ሲወጣ እንኳ እንደሚከፍት ልብ ያለው ያኔ ነው። ድሮም ይከፈት ነበር። ድሮ ግን ቤቱ ሲገባ የሚነግራት ሰው ነበረችውና ነገሩ ሳቅ ሆኖ ያልፋል።

አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። በዚሁ ሥራ አሳደገው፣ አስተማረው፤ ልጁም ኢንሹራንስ ውስጥ ተቀጠረ፤ ከላይኛው ሰፈር አንዲት ልጅ ወድዶ ሊያገባ ሆነ። የልጅቷ እናት፣ «አባትህ የት ነው የሚሠሩት?» ብለው ሲጠይቁት «ውሃና ፍሳሽ» አለ። ውሸት አይደለም። ቀጥለው «ኃላፊ ናቸው?» ሲሉት ግን «እንደዚያ ነገር» አለ። በሠርጉ ዕለት ሽቶ አዲስ ሱፍ ለብሶ የሙሽራይቱን እናት ሲጨብጥ፣ «እንግዲህ ውሃ ሲጠፋ እርስዎን ነው የምንይዘው! ትልቅ ቢሮ ውስጥ የራስ ሰው ማግኘትን የመሰለ ነገር የለም» ብለው ቀለዱ። ሽቶ ቀልዱ ስላልገባው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ገባው። ሳቅ ብሎ፣ «ምን ችግር አለ» አለና ነገሩን በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሙሽሮቹ የልጅቷ እናት ግቢ ውስጥ ካለው ትንሽ ቤት ገቡ። ሴት ልጅ ተወለደች። ሽቶ ክሊኒክ ሄዶ አንዴ አያት፤ ፊቷ ገና እንደተጨማደደ ነበር። ከዚያ ወዲያ «መቼ ታመጧታላችሁ?» ባለ ቁጥር ልጁ አንዴ «ጉንፋን ይዟታል» ይለዋል፣ አንዴ «እናቷ ደክሟታል»፣ ኋላ ደግሞ «መንገዱ ሁሉ ተቆፍሯል እኮ አባዬ» ማለት ጀመረ። ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

መንገዱ የተቆፈረው በብድር ገንዘብ ነው። ከተማው ከአንድ የልማት ባንክ ተበድሮ ውሃና ፍሳሹን ሊያስተካክል ነው ተብሎ በየሰፈሩ ስብሰባ ተጠራ። በሽቶ ሰፈር ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ባለሙያ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሰቅላ አስረዳች፤ አዲስ የውሃ መስመር ይዘረጋል፣ ትልቅ ማጠራቀሚያ ይሠራል፣ በየመንገዱ ሥር የፍሳሽ ቱቦ ይቀበራል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ማጣሪያ ጣቢያ ይገነባል። ብድሩ በረጅም ዘመን ነው የሚመለሰው።

አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስወጣ ለባንክ ባለዕዳ ሆኜ ነው የምወጣው ማለት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ባለሙያዋም አብራ ሳቀች። ከዚያ፣ «አባባ፣ አሁንም እኮ ባለዕዳ ነዎት» አለቻቸው። «ጉድጓድዎ ወንዙ ውስጥ ይፈሳል፤ ከወንዙ በታች ያሉት ልጆች ይታመማሉ። እነሱ ስለማይጠይቁዎት ነው እንጂ»።

ሽማግሌው፣ «ይሄስ እውነት ነው» ብለው ተቀመጡ።

ሽቶ ከኋላ ነበር የተቀመጠው። አጠገቡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቱቦ ጎታቹ ባልደረባው። ይሄኛውን ደግሞ አፉ ስለማያርፍ ራዲዮ ይሉታል። መኪናው ውስጥ ጠዋት ከተነሡበት እስከ ማታ ያወራል፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ሚስቱ ዘመዶች፣ ስለማያውቀው ፖለቲካ። ሽቶ አንዳንዴ «ኧረ ድምፅህን ቀንስ» ይለው ነበር።

«ሰማህ አይደል?» አለው ራዲዮ በጆሮው። «ቱቦው ከተዘረጋ እኔና አንተ ሙዚየም መግባታችን ነው። አንተን መስታወት ውስጥ ያቆሙሃል፣ እኔ አስጎብኝ እሆናለሁ»።

ሙዚየም የገባ ግን አልነበረም። ራዲዮን ቱቦ ቀባሪው ኮንትራክተር በተሻለ ደመወዝ ወሰደው። «ና አብረን እንሂድ» አለው፤ ሽቶ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ዶማ ሊይዝ አልፈለገም። ምትክ ሰው ይመደብልሃል ተባለ፤ ሳይመደብ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሽቶ ብቻውን ይነዳል፣ ብቻውን ቱቦ ይጎትታል። ከባዱ ጉተታው አልነበረም። የጎኑ ወንበር ባዶ መሆኑ ነው። በመንገድ ሳለ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ይሞቃል» ብሎ ይናገርና የሚመልስለት ሲያጣ ያፍራል።

አንድ ቀን የባንኩ ሰዎች ሥራውን ሊያዩ መጡ። አንዲት መነጽር ያደረገች ባለሙያ ከአስተርጓሚዋ ጋር መኪናው ላይ ካልወጣሁ አለች፤ ወጣች። ሽታውን አልፈራችም፤ መስኮቱን የከፈተው አስተርጓሚው ነው። ስለ ፓምፑ፣ ስለ መድፊያው ቦታ ርቀት ጠየቀችው፣ መለሰላት። በመጨረሻ አስተርጓሚው፣ «ከሥራህ በጣም የሚከብድህ ምንድን ነው ትላለች» አለው።

ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ሽቶ ትንሽ አሰበ። «ምሳ» አለ።

«ምሳ?»

«አዎ። ምግብ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ሰው ከአጠገቤ ይነሣል። እና መኪናው ውስጥ ነው የምበላው። ብቻዬን»።

አስተርጓሚው አንገቱን አከከና ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሴትየዋ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ጻፈች። ምን ብሎ እንደተረጎመላት ሽቶ ሳያውቅ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ ቁፋሮው ላይኛው ሰፈር ደረሰ። ዋናው ቱቦ ጥልቅ ስለሆነ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተገምሶ ከረመ፤ መኪና የሚባል አይገባም። ጉድጓድ ደግሞ መንገድ ተዘግቷል ብሎ መሙላቱን አይተውም። የሰዎች ግቢ እየገነፈለ፣ ዝናብ እየጨመረበት፣ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሰነበተ። ቱቦው ተቀብሮ አፈሩ እንደተመለሰ ስልክ በስልክ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት የስምሪት ኃላፊዋ ለሽቶ የሥራ ትእዛዙን ሰጠችው። ሽቶ አድራሻውን ደግሞ አነበበው። የልጁ አማት ግቢ ነው።

«ሌላኛው መኪና ቢሄድስ?» አላት።

«ክላቹ ተቃጥሎ ጋራዥ ተኝቷል። ምነው? እዚያ ዘመድ አለህ እንዴ?»

«የለኝም» አለ ሽቶ። እንዴት እንዳመለጠው አያውቅም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ካስነሣ በኋላም ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲመክር ሄደ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛውን አጠበቀ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አደረገ። ሴትየዋ ያዩት አንዴ፣ እሱንም በሱፍ ልብስ ነው። ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። ገብቶ፣ ጨርሶ፣ ማንም ሳያውቀው ይወጣል። እንዲህ ብሎ ራሱን አረጋጋ።

በሩን የከፈቱት የልጁ አማት ራሳቸው ናቸው። ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ እግራቸው ላይ የፕላስቲክ ቦት አድርገዋል። «ግባ ወንድሜ፣ ድረስልን!» አሉት። «ቤት ውስጥ ሊገባብን ነው። ልጄንና ሕፃኗን አክስቷ ዘንድ ሰድጃቸው እዚህ ከአማቼ ጋር ስንታገል ነው ያደርነው»።

አማቼ ሲሉ ከጓሮ ልጁ ብቅ አለ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ አካፋ ይዟል። ባርኔጣና መሸፈኛ ለሌላ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ልጅ አባቱን በአካሄዱም ያውቀዋል። ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ቀላ፣ ወዲያው ደግሞ አመድ መሰለ። ሽቶ ጭንቅላቱን በጣም ትንሽ ወዘወዘ፤ ግድ የለም፣ ምንም አትበል ማለቱ ነበር። ዝም ቢል ኖሮ ዝም ተባብለው ባለፉ። ልጁ ግን ዝም አላለም።

«ጋሼ» አለ። «ጋሼ፣ ቱቦውን በዚህ በኩል ያስገቡት፤ በዚያ በኩል ይጠብዎታል»።

ዕድሜውን ሙሉ አባቱን «አባዬ» ነበር የሚለው፤ «አንተ» ነበር የሚለው። ጋሼም እርስዎም ክብር ናቸው፤ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ለማያውቁት ሰው የሚሰጡ ክብር። ሽቶ በሥራው ብዙ ስድብ ጠጥቷል፤ አንዱም እንደዚህ ክብር አንጀቱ ድረስ አልዘለቀም።

«እሺ ጌታው» አለ።

ቱቦ ጎታች ስላልነበረ ልጁ ነው ያገዘው። አንዱን ቱቦ ከሁለት ጫፍ ይዘው ግቢውን ዞሩ። ፓምፑ ሲነሣ ቱቦው እንደ እባብ ይራገጣልና አንድ ሰው አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ልጁ በባዶ እጁ ያዘ። ሽቶ አየው። ከመኪናው መቀመጫ ሥር ትርፍ ጓንት አምጥቶ ዘረጋለት። «ያድርጉት፤ እጅዎን ይልጠዋል» አለው። ልጁ ጓንቱን ሲቀበል ቀና ብሎ አላየውም። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ጩኸት ብቻ ነበር። ጎን ለጎን ቆመው ጉድጓዱ ወደ ታች ወደ ታች ሲል አዩ።

ሲያልቅ ሴትየዋ በማሰሮ ውሃና አዲስ ሳሙና ይዘው መጡ። «መስመሩ እስኪቀጠል ቧንቧው ደርቋል፤ ና እኔ ላስታጥብህ» አሉ። ሽቶ እጁን ዘረጋ፤ ቀስ እያሉ አፈሰሱለት። እጁን ትክ ብለው ሲያዩት ነበር። ያኔ ግን ሽቶ ልብ አላለውም።

«ልጆች አሉህ?» አሉት።

«አንድ ወንድ»።

«እዚሁ ከተማ ነው?»

«እዚሁ ነው»።

«ታዲያ ይጠይቅሃል?»

ልጁ ጥግ ላይ ቱቦውን እየጠቀለለ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ሥራ ይበዛበታል» አለ ሽቶ። «ጥሩ ልጅ ነው። ሥራ ስለሚበዛበት ነው»።

ሴትየዋ የቀረውን ውሃ አፈሰሱለት። ሽቶ አመስግኖ ወጣ፤ ታንከሩን ከከተማ ውጭ ወዳለው መድፊያ ነድቶ ገለበጠ። የያዘው ምሳ ነበር፤ ሳይፈታው ወደ ቤቱ ይዞት ተመለሰ። እንደ ልማዱ በጓሮ ገብቶ ታጠበ፤ ሳሙናውን ደጋግሞ ቀባ። እየቆየ ሲሄድ ምን ሊያስለቅቅ እንደሚፈትግ ራሱም ጠፋበት፤ ውሃው ሲያልቅ ቆመ።

ልጁ አልደወለም። ሽቶም አልደወለለትም። ምን ብሎ ይደውል? ስልኩን ግን ወጥ ቤት ሲገባ እንኳ ይዞት ይገባ ነበር።

ሥራው እየቀነሰ ሄደ። ላይኛው ሰፈር ቤቶቹ አንድ በአንድ ከአዲሱ መስመር ጋር ተገናኙ፤ መሃል ከተማም ተከተለ። ውሃውም በየቧንቧው ሳይቆራረጥ መውረድ ጀመረ፤ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ዛሬ ውሃ አለ?» መባባል ቀረ። ሽቶም ደስ አለው። ሰው ልጁን የሚያጥብበት ውሃ ሲያገኝ ማን ይከፋል? ደስታውን የሚያወራለት ሰው አልነበረም እንጂ። ማጣሪያ ጣቢያው ሥራ ሲጀምር ሽቶን ወደዚያ አዛወሩት። ብድሩ ያልደረሳቸው የዳር ሰፈሮች ገና በመኪና ስለሚመጠጡ፣ የሚመጡትን ታንከሮች ተቀብሎ የሚያስገለብጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጣቢያው ሰፊ ነው። በኮንክሪት የተሠሩ ትላልቅ ገንዳዎች፣ ፀጥታ፣ ነፋስ፣ አንዳንድ ወፍ። ሰው የሚያገኘው መኪና ሲመጣ ብቻ ነው።

በአንድ የዕረፍት ቀኑ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት የልጁ አማት ቆመዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ሽቶ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«አስገቡኝ እንጂ፣ ደጅ ላይ ያቆሙኛል?» አሉት። ያን ቀን አንተ ያሉት ሰው ዛሬ አንቱ ሆኗል።

አስገባቸው። ሚስቱ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ሌላ ለእንግዳ የሚሆን አልነበረውም፤ እዚያ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ሊያፈላ ተነሥቶ ሁለት ብርጭቆ አወጣ።

«ያን ቀን አውቄዎት ነበር» አሉ ሴትየዋ። «በሩን ስከፍት አይደለም። እጅዎን ሳስታጥብ ነው። ይሄ የታጠፈው ጣትዎ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ፤ ፊት እረሳለሁ፣ እጅ አልረሳም። ሠርጉ ላይ ስጨብጥዎት ተሰብሮ በደንብ ሳይታሰር የቀረ ነው ብዬ ነበር»።

ሽቶ ጣቱን በሌላው እጁ ሸፈነ። «የመኪና በር ነው» አለ፤ ሌላ የሚለው ስላጣ።

«ለምን ዝም አሉ?»

«እሱ ዝም ብሎ እኔ ልናገር?»

«እኔም ሁለታችሁ ዝም ስትሉ መሃል ገብቼ ምን ልበል ብዬ ዝም አልኩ። ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ ጠበቅሁ። ሲቀር፣ በቀደም ምሳ ላይ ‹ያ ጉድጓዱን የመጠጠልን ሰውዬ ማን ነው?› አልኩት። ምግቡን ትቶ ተነሣ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንደ ጥላ ነው የሚሄደው»። ሻዩን ቀመሱ። «ሽታ ያስደነግጣታል ብሎ ከእኔ ይደብቅዎታል? እኔ እኮ የስንቱን ሰው ቁስልና ሰገራ ስጠርግ የኖርኩ ሴት ነኝ። ምነው ቢጠይቀኝ ኖሮ!»

ሽቶ ሳያስበው ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ የራሱ ድምፅ እንግዳ ሆነበት።

«ይምጡና የልጅ ልጅዎን ይዩ» አሉት። «ቆማ መሄድ ጀምራለች»።

«እሱ ሳይጠራኝ አልመጣም»።

«ኩራት ነው?»

«ኧረ ምን ኩራት አለኝ እሜቴ። ሳልጠራ ብመጣና ሁለተኛ ባይኑ ቢያፍርብኝ... የመጀመሪያውን ችዬዋለሁ። ሁለተኛውን አልችለውም»።

ሴትየዋ ብዙ አላስጨነቁትም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። ታክሲ እስኪሳፈሩ ሸኛቸው። ሲመለስ ሁለቱን ብርጭቆ ወዲያው አላጠበም፤ ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ማየት ደስ ስላለው እስከ ማታ ተዋቸው።

ልጁ የመጣው ከዚያ ቆይቶ ነው። ወደ ጣቢያው ነው የመጣው፤ በሥራ ቀን፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከበሩ ጀምሮ በእግሩ። ሽቶ ገንዳው ዳር ሆኖ ከሩቅ አየው። ሊሮጥለት ፈልጎ ነበር፤ ግን ቆሞ ጠበቀ።

«ፈቃድ ወስጄ ነው» አለ ልጁ።

«ደህና አደረግህ። ተቀመጥ»።

የኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ጠጠር አንሥቶ ገንዳው ውስጥ ወረወረ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን...» አለ።

«ተወው»።

«አልተወውም። ተወው ስትለኝ ነው የባሰብኝ»። ወደ አባቱ ዞረ። «በሥራህ አፍሬ አይደለም ብልህ አታምነኝም። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አንዲት ቃል ነው የዋሸሁት። ከዚያ ያች ቃል እንዳትገለጥ ስጠብቃት ኖርኩ። አንተ እንዳትመጣ፣ እነሱ እንዳይመጡ፣ ልጅቷ እንዳትመጣ። ያን ቀን ስትገባ ደግሞ አፌ ቀደመኝ»።

ለሽቶ «ምንም አይደለም» ማለት ቀላል ነበር፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያለው ይሄንኑ ነው። «ልጄ፣ አልተቆጣሁብህም» አለው በመጨረሻ። «ግን አመመኝ። እስካሁንም ያመኛል። እንዳታውቀው አልፈልግም»።

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽቶ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ ምን ያህል እንደሚያቆየው ስላላወቀ ቶሎ አነሣው። አንድ ታንከር ጡሩንባውን እየነፋ ገባ፤ ሊቀበለው ተነሣ። ሲጨርስ ልጁ እዚያው ተቀምጧል። «እሁድ ና» አለው ልጁ። «ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ»።

እሁድ ሄደ። የልጁ ሚስት ደጅ ወጥታ ተቀበለችው፤ ዓይኗን ወዴት እንደምታደርግ ቸግሯት ነበር። ምሳ ተበላ። ነርሷ ብዙ አወሩ፤ ባያወሩ ኖሮ ማንም ባላወራ። ሕፃኗን ሲሰጡት አለቀሰች፤ አላወቀችውማ። መለሳትና ከሩቅ ሆኖ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር እያጋጨ ሲያጫውታት፣ አኩርፋ ታየው ጀመር። «እስኪላመዱ ነው» አሉ ነርሷ። ሽቶ ሳይሰለቹት በፊት ልሂድ ብሎ በጊዜ ተነሣ።

ልጁ አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ ሸኘው። ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። የተለያዩበት ጊዜ ረዥም ስለነበር ወሬው ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸው ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ልጁ፣ «በሚመጣው እሁድም ትመጣለህ?» አለው።

«ሥራ ከሌለኝ» አለ ሽቶ።

እሁድ ሥራ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። ሽቶ መንገዱን ሙሉ በዚያች መልስ ሲቆጭ ሄደ። ለምን «እመጣለሁ» አላለም? ምን አፉን ያዘው? ሳምንቱ ተጎተተ። ልጁ ሐሙስ ደውሎ ስለ ጤናው ጠየቀው፤ ስለ እሁድ ግን አላነሣም። ሽቶም አላነሣም።

እሁድ ጠዋት ተላጨ፣ ልብሱን ተኮሰ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አጠገቡ አደረገ። ረፋዱ አለፈ። ከመንገዱ ማዶ የሰዎች ጨዋታ ይሰማል። አንዴ ተነሥቶ ድስቱን ምድጃው ላይ ጣደ፤ እሳቱን ሳይለኩስ መልሶ አወረደው። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስንት እሁድ እንዲህ እንዳሳለፈ አሰበ።

ጫማውን አሠረ፣ በሩን ቆለፈ፣ ማንም ሳይጠራው ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ።